የማይንክራፍት አይተም ገጾቻችን ሁሉም የየራሱ መልክ ይዟል፣ ምን አይነት የአጻጻፍ ደንብ ትመክሩናላችሁ?

ሬድስቶን_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰርቨር ላይ አብረን ማይንክራፍት የምንጫወት ልጆች ነን። ሰርቨሩ የጃቫ (የፒሲው የጌሙ ኤዲሽን) ነው፣ ግን አብዛኞቻችን ያለን ስልክ ላይ ቤድሮክ (ሌላው ኤዲሽን) ስለሆነ ሁለቱን በሚያገናኘው ጋይዘር በኩል ነው የምንገባው፣ ፒሲ ያላቸው ጥቂት ናቸው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የራሳችንን ትንሽ የአማርኛ ዊኪ ከፍተናል፣ ሚዲያዊኪ የሚባለውን የዊኪ ሶፍትዌር ነው የጫንነው፣ ሀሳቡ አዲስ የሚገባ ልጅ ስለ አንድ አይተም (የጌሙ ዕቃ) ማወቅ ሲፈልግ ቪዲዮ ሲያሳድድ ዳታውን ከሚጨርስ አጭር ገጽ ከፍቶ ከየት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚጠቅም እንዲያነብ ነው።

ችግሩ ገጾቹ በዙና ሁሉም የየራሱን መልክ ያዘ። አንዱ ገጽ "ይሄን ካገኘህ እንዳትጥለው" ብሎ ይጀምራል፣ አንዱ እንደ ትምህርት ቤት ደብተር "ዳቦ ማለት..." ብሎ ትርጉም ይሰጣል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ክራፍት የሚደረግበትን ፎቶ ብቻ ለጥፎ ወጥቷል። የዳይመንድ ሶርድ ገጽ ላይማ የለየለት ጦርነት ነው፣ አንዱ ዳሜጁ (የሚያደርሰው ጉዳት) 7 ነው ብሎ ይጽፋል ሌላው መጥቶ 8 ያደርገዋል፣ በነጋታው ተመልሶ 7 ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ስክሪንሾት አላቸው ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው።

የኢንደር ፐርል ገጻችን አሁን የሚነበበው እንዲህ ነው፣ እንዳለ ልለጥፈው፦

"ኢንደር ፐርል በጣም አሪፍ አይተም ነው። ኢንደርማንን ስትገድለው አንዳንዴ ይጥላል አንዳንዴ አይጥልም። ስትወረውረው ወደ ወደቀበት ቦታ ቴሌፖርት ታደርጋለህ ግን 5 ልብ ይቀንስብሃል ስለዚህ ልብህ ትንሽ ከሆነ እንዳትሞክረው!! ብዙ ሰብስብ ምክንያቱም ወደ ኢንድ ለመሄድ ያስፈልግሃል። ማሳሰቢያ፦ በአዲሱ አፕዴት ተቀይሯል።"

የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ከልቡም ነው የጻፈው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አጥፍቼ በራሴ መተካት አልፈልግም። ሁላችንም የምንስማማበት ደንብ ቢኖር ግን ማንም ማንንም ሳይቀየም ማስተካከል ይቻል ነበር። ሌላ የጌም ዊኪ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ በምን ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ምክር ይገባል ወይስ አይገባም፣ ቁጥሩ ላይ ስትጣሉ ማን ነው የሚዳኘው? የእንግሊዝኛው ዊኪ ደንብ በጣም ረጅም ነው፣ የትኛው ለእኛ እንደሚሆን መለየት አቅቶናል።

አሮጌ_ፒክአክስ፦

ሰላም ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደስ የሚል ሥራ ነው የጀመራችሁት በርቱ። እኔ የእንግሊዝኛው ማይንክራፍት ዊኪ ላይ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ከዛ የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ገጹን ማን እንደሚያነበው አስብ። ገጹን የሚከፍተው ልጅ ጌም ውስጥ ነው ያለው፣ ዋሻ ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፣ ስንት ስታክ ይሆናል (ስንቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ይደረደራል)፣ ምን ምን ያስፈልገዋል፣ ከየት ነው የማገኘው፣ በቃ። ያንን ካገኘ ወዲያው ይዘጋዋል። "በጣም አሪፍ አይተም ነው" የሚለው አረፍተ ነገር የዚህን ልጅ ጊዜ ከመውሰድ በቀር ምንም አልነገረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር አይተሙ ምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርግ ይናገር፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይምጣ።

ቅደም ተከተሉን የእንግሊዝኛው ዊኪ እንዲህ ነው የሚያስኬደው፣ መግቢያው፣ ከጎኑ ኢንፎቦክስ (ዋና ዋና መረጃው የሚቀመጥበት ሳጥን)፣ ከዛ እንዴት እንደሚገኝ፣ ከዛ አጠቃቀሙ፣ ከዛ ድምጾቹና የዳታ ቫልዩው፣ ታች ደግሞ ታሪኩ፣ የታወቁ ባጎች፣ ትሪቪያ፣ ጋለሪ። እናንተ ድምጹም ዳታ ቫልዩውም አያስፈልጋችሁም፣ መግቢያ፣ የሚገኝበት፣ አጠቃቀም፣ ታሪክ ይበቃችኋል። ዋናው ነገር ሁሌም በአንድ አይነት ቅደም ተከተል መሆኑ ነው፣ አንባቢው ሦስት ገጽ ካየ በኋላ አራተኛው ላይ አይኑ ራሱ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ትልቅ ፊደል ትንሽ ፊደል የሚለውን ክፍል በሙሉ እለፈው፣ እንግሊዝኛው ላይ የአይተም ስም እንደ ተራ ስም በትንሽ ፊደል ይጻፍ የሚል ደንብ አለ ብዙ ያከራክራል፣ የኛ ፊደል ከዛ ጣጣ ነፃ ነው።

አሁን ወደ ሶርዱ ልምጣ። ሁለቱም ልጆች ትክክል ናቸው። ዳይመንድ ሶርድ ጃቫ ላይ 7 ነው፣ ቤድሮክ ላይ 8። ጃቫ ላይ ከእንጨቱ 4 ተነስቶ ድንጋይ 5፣ ብረት 6፣ ዳይመንድ 7፣ ኔዘራይት 8 ነው የሚሄደው፣ ቤድሮክ ላይ እያንዳንዳቸው በ1 ይበልጣሉ። ስለዚህ የሚጣሉት በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የየትኛው ኤዲሽን እንደሆነ ባለመጻፉ ነው። ደንባችሁ ላይ አንድ መስመር ብቻ ማስገባት ካለባችሁ ይሄን አስገቡ፣ በኤዲሽን የሚለያይ ቁጥር ኤዲሽኑ ሳይጻፍ ብቻውን አይቆምም።

እና የናንተ ጉዳይ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። በጋይዘር ነው የምንገባው ብለሃል። ጋይዘር የስልኩን ቤድሮክ ለጃቫው ሰርቨር የሚያስተረጉም ነገር ነው እንጂ ህጉን አይቀይረውም፣ ዳሜጁን የሚያሰላው ሰርቨሩ ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ ጃቫ ነው። ስለዚህ በስልኩ የገባው ልጅ ቤቱ ብቻውን ሲጫወት የሚያውቀው 8 የናንተ ሰርቨር ላይ 7 ነው። በዛ ላይ ከ1.9 ቨርዥን ጀምሮ ጃቫ ላይ ያለው የመምታት ኩልዳውን (ከአንድ ምት በኋላ ኃይሉ እስኪሞላ የሚጠበቅበት ጊዜ) እሱንም ይይዘዋል፣ ቤድሮክ ላይ እንደለመደው ስክሪኑን ዝም ብሎ ቢደበድበው ሙሉ ዳሜጅ አያገኝም። ለናንተ አንባቢ ከምንም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ይሄ ነው፣ የትኛውም ሌላ ዊኪ ላይ የዳይመንድ ሶርድ ገጽ ከፍቶ አያገኘውም። ስለዚህ የጃቫውን ቁጥር አስቀድሙ፣ የቤድሮኩን ቀጥሎ።

ኢንደር ፐርሉ ላይ ደግሞ አንድ ስህተት አለ፣ "5 ልብ" አይደለም። የሚቀንሰው 5 ነጥብ ነው፣ አንድ ልብ 2 ነጥብ ነው፣ ስለዚህ 2 ልብ ተኩል ነው። ሙሉ ጤና 20 ነጥብ፣ 10 ልብ። ልጁ 4 ልብ ይዞ ገጻችሁን ቢያነብ አልወረውርም ብሎ እዛው ይሞታል፣ ቢወረውር ግን ይተርፍ ነበር። ዳቦም ላይ ያው ነው፣ 5 ነጥብ ረሃብ ይሞላል ማለት ስክሪኑ ላይ ሁለት ስጋ ተኩል ማለት ነው። አንድ መለኪያ ምረጡና ሁሌ እሱን ተጠቀሙ፣ እኔ ሁለቱንም አብሮ መጻፍ እመርጣለሁ "5 ነጥብ፣ 2.5 ልብ" ብሎ።

እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገው ነበር፦

"ኢንደር ፐርል ሲወረወር የወረወረውን ተጫዋች ወዳረፈበት ቦታ ቴሌፖርት የሚያደርግ አይተም ነው። እስከ 16 ስታክ ይሆናል።

የሚገኝበት፦ ኢንደርማን ሲሞት 0 ወይም 1 ይጥላል። የተገደለበት ሶርድ ሉቲንግ (የሚጣለውን ዕቃ የሚያበዛ ኃይል) ካለው ከፍተኛው ቁጥር በየሌቭሉ በ1 ይጨምራል። ከፒግሊን ጋር በወርቅ በመለዋወጥና ክለሪክ ከሆነ ቪሌጀር በኤመራልድ በመግዛትም ይገኛል።

አጠቃቀም፦ ፐርሉ ሲያርፍ ተጫዋቹ 5 ነጥብ፣ 2.5 ልብ ጉዳት ይደርስበታል። 5 በመቶ ኢንደርማይት (ትንሽ ጠላት ፍጡር) የመውጣት ዕድል አለ። ከብሌዝ ፓውደር ጋር አይ ኦፍ ኢንደር ይሠራበታል።"

"አንዳንዴ ይጥላል አንዳንዴ አይጥልም" ያለው 0 ወይም 1 ሆነ፣ ሀሳቡ የልጁ ነው ቁጥር ብቻ ነው ያገኘው። "በአዲሱ አፕዴት ተቀይሯል" የሚለውን አወጣሁት፣ የትኛው አፕዴት? ምኑ ተቀየረ? የዛሬ ሁለት አመት የሚያነበው ሰው አዲሱ ሲል የቱን እንደሆነ በምን ያውቃል? ቨርዥኑን በቁጥር መጻፍ ነው እንጂ አዲሱ፣ አሁን፣ በቅርቡ የሚሉ ቃላት ዊኪ ላይ ቦታ የላቸውም።

ፌዘር_ፎሊንግ፦

አሮጌ ፒክአክስ ያለው ሁሉ ያስማማኛል፣ እኔ ስለ "አንተ" ነው ማውራት የምፈልገው ማንም ስላላነሳው። የተለጠፈው ገጽ ከላይ እስከ ታች ስትገድለው፣ ስትወረውረው፣ ይቀንስብሃል ነው። እኔ ሴት ነኝ፣ ታናሽ እህቴም ትጫወታለች፣ እንዲህ ያለ ገጽ ስናነብ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የከፈትን ነው የሚመስለን። እንግሊዝኛው ላይ "አንተ"ም "አንቺ"ም ያው አንድ ቃል ነው፣ እሱንም ቢሆን ዊኪው አይፈቅድም፣ ተጫዋቹ እያሉ በሦስተኛ ሰው ነው የሚጽፉት። አማርኛ ላይ ግን ግሱ ራሱ ጾታ ይዞ ስለሚመጣ ችግሩ ይብሳል።

"እርስዎ" ማለት ይቻላል ጾታውን ይሸፍናል፣ ግን የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል፣ አስራ ሦስት አመት ልጅን "ኢንደርማኑን ሲገድሉት" ማለት አይሄድም። "ተጫዋቹ" እያሉ መቀጠልም አንድ ሁለቴ ጥሩ ነው ሲደጋገም ይከብዳል፣ እሱም ቢሆን ወንድ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሰውየውን ከአረፍተ ነገሩ ማውጣት። ይወረወራል፣ ይገኛል፣ ይሠራል፣ ይቆፈራል። ዳቦ ከ3 ስንዴ ይሠራል። ዳይመንድ በብረት ወይም ከዛ በላይ በሆነ ፒክአክስ ይቆፈራል። የምግብ አሠራር ስንጽፍ "ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ዘይት ይጨመራል" እንደምንለው ማለት ነው፣ ማን እንደሚከትፈው አንጠይቅም። አረፍተ ነገሩም ያጥራል፣ አሮጌ ፒክአክስ የጻፈው ናሙና ላይ እዩት አብዛኛው እንዲህ ነው የሄደው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ "ተጫዋቹ" ወይም "የወረወረው" ማለት ግድ ይሆናል፣ ድርጊቱ ማን ላይ እንደሚደርስ ካልተለየ። ፐርሉ ላይ ቴሌፖርት የሚሆነው ወርዋሪው ነው ወይስ የተመታው የሚለው መለየት አለበት፣ እዛ ጋ መጻፍ ነው። ሌላው ቦታ አያስፈልግም።

የግራንድ_ኤክስቼንጅ_ነጋዴ፦

እኔ ከሌላ ጌም ነው የመጣሁት፣ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ፣ የሱ ዊኪ በአይተም ገጽ አያያዝ ከማውቃቸው ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ ከሱ የምትወስዱት ነገር አለ።

እዛ እያንዳንዱ አይተም ኢንፎቦክስ አለው፣ ሜምበር (ከፍሎ የሚጫወት) መሆን ያስፈልገዋል ወይ፣ ይሸጣል ይለወጣል ወይ፣ ስታክ ይሆናል ወይ፣ ክብደቱ፣ ኤግዛምን ሲደረግ (ዕቃው ሲታይ) የሚወጣው ጽሑፍ፣ ሃይ አልክ (ዕቃን ወደ ገንዘብ የሚቀይር አስማት) ሲደረግ የሚያወጣው ገንዘብ። ለምሳሌ አቢሳል ዊፕ የሚባለው መሣሪያ 70 የአታክ ሌቭል ይጠይቃል፣ ሃይ አልኩ 72,000 ነው። ይሄ ቁጥር የማይንቀሳቀስ ነው፣ ከአይተሙ ቫልዩ 60 በመቶ ነው፣ አንዴ ከተጻፈ ገንቢዎቹ ካልነኩት ይቆያል። የግራንድ ኤክስቼንጅ (የተጫዋቾቹ ገበያ) ዋጋው ግን ቀን ከቀን ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ማንም በእጁ አይጽፈውም፣ ከውጭ ራሱ እየመጣ ነው የሚታደሰው። ከዚህ የሚወሰደው የሚለዋወጥና የማይለዋወጥ ቁጥርን መለየት ነው። ሰርቨራችሁ ላይ ሱቅ ካለ፣ ልጆች ዳይመንድ በኤመራልድ የሚሸጡ ከሆነ ያንን ዋጋ አይተም ገጹ ላይ እንዳታስገቡት፣ በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። የገበያ ገጽ ለብቻው ክፈቱለትና ቀኑን ጻፉበት።

ሁለተኛው ደግሞ ቁጥር አንድ ቦታ ብቻ ይኑር። የዳይመንድ ሶርድ ዱራቢሊቲ (እስኪሰበር የሚያገለግልበት መጠን) 1561 ነው፣ ይሄ ቁጥር ኢንፎቦክሱ ላይ፣ መግቢያው ላይ፣ አጠቃቀም ላይ፣ የሶርዶች ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ላይ ከተጻፈ አንድ ቀን ሲቀየር አንዱ ብቻ ይስተካከልና ገጹ ራሱን የሚቃረን ይሆናል። ቴምፕሌት የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የተሠራው፣ አንዴ ጻፉት ሌላው ቦታ እየጠራው ያሳየዋል። ያንን መሥራት ከከበዳችሁ ቢያንስ ጽሑፉ ውስጥ አትድገሙት፣ ኢንፎቦክሱ ላይ ካለ ይበቃል።

ስለ ምክሩ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ከአይተም ገጽ ይውጣ ባይ ነኝ። "ብዙ ሰብስብ" የአንድ ሰው ሀሳብ ነው። ስልት ለብቻው ገጽ ይገባዋል።

ክሪፐር_ጎረቤት፦

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። የምትሉት ሁሉ ሺህ ሰው ኤዲት ለሚያደርግበት ዊኪ ልክ ነው። እነዚህ ግን ጥቂት ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ ስለ ጌም የሚጽፍ ሰው ራሱ ስንት ነው? ገና ከመጀመሪያው ቀን ይሄ አይባልም፣ ያ አይጻፍም፣ "አንተ" አትበል፣ አሪፍ አትበል ከተባለ ልጁ ኪቦርዱን ዘግቶ ወደ ጌሙ ነው የሚመለሰው። የኢንደር ፐርሉን ገጽ የጻፈው ልጅ ደስታው ከጽሑፉ ይታያል፣ እሱን አውጥታችሁ የፋርማሲ ወረቀት ብታደርጉት መረጃው ትክክል ይሆናል ልጁ ግን ሁለተኛ ገጽ አይጽፍላችሁም።

ምክርም ቢሆን ይቅር የሚለው አይዋጥልኝም። አዲስ ልጅ የሚፈልገው እኮ ምክር ነው። አይ ኦፍ ኢንደር በፐርል ይሠራል ብሎ ማቆምና "የኢንድ ፖርታሉን (ወደ ኢንድ የሚያስገባውን በር) ለመሙላት እስከ 12 አይ ኦፍ ኢንደር ሊያስፈልግ ይችላል፣ ፖርታሉን ፍለጋ ሲወረወር የሚሰበርም አለ፣ ስለዚህ ከዛ በላይ መያዝ ይሻላል" ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ነው ልጁን የሚረዳው።

የኔ ሀሳብ፣ ደንቡን ለጸሐፊው አትስጡት ለፎርሙ ስጡት። አዲስ ገጽ ሲከፈት ባዶ ነጭ ቦታ ከሚመጣ ርዕሶቹና ኢንፎቦክሱ ተሞልተው የሚመጡበት መንገድ ሚዲያዊኪ ላይ አለ። ልጁ "ስታክ፦" የሚል ባዶ መስመር ካየ 16 ብሎ ይሞላዋል፣ ደንብ አንብብ ማለት አያስፈልገውም። ያላወቀውን ባዶ ይተወው፣ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ቋንቋውን ደግሞ የሚችል ሰው ከኋላ እየተከተለ ያስተካክል።

እና አንድ ማንም ያላነሳው ነገር፣ ፎቶ። እኔ በስልክ ዳታ ነው የምጠቀመው፣ ሙሉ ስክሪንሾት አምስት ስድስት የተለጠፈበት ገጽ ስከፍት ፓኬጄ ነው የሚሄደው። ክራፍቲንጉን በፎቶ ከማሳየት ዘጠኙን ሳጥን በሰንጠረዥ መሥራት ይቻላል፣ የአይተሙ ትንሽ ምስል አንዴ ከወረደ በየገጹ ያው ነው የሚያገለግለው። ስክሪንሾት ውስጥ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ሰርች ሲደረግ አይገኝም።

አሮጌ_ፒክአክስ፦

ክሪፐር ጎረቤት የፎርሙ ሀሳብ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን ቀድማችሁ ሥሩት። የፎቶውም እንዲሁ።

ምክሩ ላይ ግን ያመጣኸው ምሳሌ ራሱ ምክር አይደለም እኮ፣ መረጃ ነው። ፖርታሉ 12 ቦታ አለው፣ አይ ኦፍ ኢንደር ሲወረወር የመሰበር ዕድል አለው፣ ሁለቱም ተቆጥረው ተረጋግጠው የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ምክንያቱ ከተጻፈ አንባቢው ራሱ "ብዙ ልያዝ" ይላል። ምክንያት የሌለው "ብዙ ሰብስብ" ነው የማይሆነው። ስለዚህ መሐል ላይ እንገናኝ፣ "ጥቆማ" የሚል ክፍል ከገጹ ታች ይኑር፣ እዛ የሚገባ ነገር ግን ምክንያቱን ይዞ ይግባ። እንግሊዝኛው ዊኪ እንዲህ አያደርግም ቱቶሪያሉን ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፣ ለትንሽ ዊኪ ግን ገጽ ማብዛቱም አይጠቅምም።

ልጁ ይቀየማል የሚለውን ከልቤ ነው የምቀበለው። ሬድስቶን ልጅ፣ ገጹን ስታስተካክል የኤዲት ማጠቃለያው ላይ ምን እንደቀየርክና ለምን እንደቀየርክ ጻፍ፣ "ልብ ወደ ነጥብ፣ ጃቫ ላይ አይቼዋለሁ" አይነት። ዝም ብሎ መቀየር ነው ሰውን የሚያስከፋው።

ሬድስቶን_ልጅ፦

ኧረ በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። የጋይዘሩን ነገር ለልጆቹ ስነግራቸው የ7ና የ8ቱ ጠብ እዛው ላይ አለቀ፣ አሁን ሶርዶቹ ሁሉ ላይ ሁለት መስመር አድርገናል፣ ጃቫ ብሎ ሰርቨራችን ላይ የሚሠራው ይሄ ነው የሚል፣ ከስር ቤድሮክ። ፌዘር ፎሊንግ ያንቺን ደግሞ እንዳለ ወስደነዋል፣ "ይሠራል፣ ይገኛል" በሚለው ነው የምንሄደው፣ አንድ ሁለት ገጽ ሞክሬው በእውነት አጠረ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ የድሮ ነገር ምን ይደረግ? ኢንቻንትድ ጎልደን አፕል ላይ አንዱ ልጅ በ8 የወርቅ ብሎክ ይሠራል ብሎ ጽፏል፣ ቪዲዮም አምጥቷል፣ ስንሞክረው አይሠራም። ሁለተኛ ከእንግሊዝኛው ዊኪ መተርጎም ይፈቀዳል ወይ?

አሮጌ_ፒክአክስ፦

ቪዲዮው ውሸት አይደለም አርጅቶ ነው። በ8 የወርቅ ብሎክና በአፕል ይሠራ ነበር፣ ጃቫ 1.9 ላይ በ2016 ተነሳ፣ አሁን ክራፍት አይደረግም፣ እንደ ቼስት ካሉ ቦታዎች ነው የሚገኘው። ተራው ጎልደን አፕል ግን እስካሁን በ8 የወርቅ ኢንጎት ይሠራል። ይሄ "ታሪክ" የሚለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ "እስከ 1.8 በክራፍቲንግ ይሠራ ነበር፣ 1.9 ላይ ተነስቷል" ብላችሁ። ማጥፋት የለባችሁም፣ ካጠፋችሁት ሌላ ልጅ ያንኑ ቪዲዮ አይቶ መልሶ ይጽፈዋል፣ ታሪክ ውስጥ ካየው ግን ይገባዋል። ላይኛው ክፍል ሁሌ አሁን የሚሠራውን ብቻ ይናገር፣ የቀረው ሁሉ ታች ይውረድ።

ምንጭም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። ቪዲዮ ምንጭ አይሆንም አልልም፣ ግን ቨርዥኑ ካልታወቀ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ሰርቨሩ ላይ ወይም ክሪኤቲቭ (ሁሉም ዕቃ በነፃ የሚገኝበት የጨዋታ አይነት) ገብቶ መሞከርና የሞከራችሁበትን ቨርዥን መጻፍ ነው። ሞድ (ሌላ ሰው ሠርቶ ጌሙ ላይ የሚጫን ጭማሪ) የጨመረውን አይተም ደግሞ ከዋናው ጋር አትቀላቅሉት።

መተርጎም ይፈቀዳል፣ የማይንክራፍት ዊኪ ጽሑፍ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የወጣው፣ ምንጩን መጥቀስ፣ ለንግድ አለመጠቀምና የናንተንም በዚያው ፈቃድ ማውጣት ይጠይቃል። ስለዚህ የተረጎማችሁት ገጽ ታች ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ጻፉ፣ ዊኪው ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ ገንዘብ መሥራት የሚባለው ሀሳብ ካለም ከወዲሁ ተዉት። ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ዊኪው በመስከረም 2023 ፋንደም ከሚባለው የዊኪዎች ድረ ገጽ ወጥቶ በራሱ አድራሻ ነው ያለው፣ አሮጌው ኮፒ ግን ፋንደም ላይ እንዳለ ነው፣ ሰርች ስታደርጉ ሁለቱም ይመጣሉ። አዘጋጆቹ ያሉት አዲሱ ላይ ነው፣ ከየትኛው እንደምትተረጉሙ እዩ።

ፓርስኒፕ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት ግን ስለ ርዕስና ሰርች አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ ገጽ ኖሮ እንደሌለ የሚሆነው በዚህ ነው። አንዱ ዳይመንድ ብሎ ይጽፋል ሌላው ዳይሞንድ፣ አንዱ ኤንደር ሌላው ኢንደር፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም የተለያየ ቃል ነው የሚያደርጋቸው። ልጁ "ዳይሞንድ" ብሎ ፈልጎ ካጣው የለም ብሎ ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል፣ ከዛ አንድ አይተም ሁለት ገጽ ይኖረዋል፣ አንዱ ይታደሳል አንዱ ይረሳል።

ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ የትኛውም ይሁን፣ ዝርዝሩን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት፣ ለሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ ሪዳይሬክት (ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ ማዞሪያ) ክፈቱ። ሪዳይሬክት ምንም አያስከፍልም፣ ሃያም ቢሆን ክፈቱ። ጌሙ ራሱ ስም ሲቀይርም የሚያድናችሁ እሱ ነው፣ ዞምቢ ፒግማን የነበረው በ2020 በ1.16 ዞምቢፋይድ ፒግሊን ሆኗል፣ ግራስ ሲባል የነበረው ተክል በ2023 መጨረሻ በ1.20.3 ሾርት ግራስ ተብሏል፣ በድሮው ስም የሚፈልግ ልጅ ግን አሁንም አለ። ርዕሱ በነጠላ ይሁን፣ "ሶርድ" እንጂ "ሶርዶች" አይሁን።

ሌላ፣ ከአንድ መነሻ የሚሰላ ቁጥር ካለ መነሻውን ብቻ ጻፉ። እኔ የምጫወተው ስታርዱ ቫሊ ላይ ፓርስኒፕ የሚባለው ሰብል መሸጫ ዋጋው በጥራቱ ነው፣ ተራው 35 ነው፣ ሲልቨሩ 43፣ ጎልዱ 52፣ ኢሪዲየሙ 70፣ ሁሉም ከ35 ነው የሚመጡት፣ በ1.25፣ በ1.5፣ በ2 እየተባዛ ክፍልፋዩ ይጣላል። ቴምፕሌቱ 35ን ካወቀ ሌላውን ራሱ ያወጣዋል፣ ሰው በእጁ ሲጽፍ ግን 44 ብሎ ይጽፋል።

ሬድስቶን_ልጅ፦

ፓርስኒፕ ይሄ ሪዳይሬክት የሚባለውን አናውቀውም ነበር፣ የጠፉብን ገጾች እኮ በዚህ ነው የጠፉት። አንድ የመጨረሻ ላስቸግራችሁ፣ ሱፍ 16 ቀለም አለው፣ አንዷ ልጅ ለእያንዳንዱ ገጽ መክፈት ጀምራለች፣ ሦስት ጨርሳለች። ላስቁማት ወይስ ልተዋት?

ፌዘር_ፎሊንግ፦

አንድ ገጽ ይበቃል፣ "ሱፍ" ብሎ፣ እንግሊዝኛውም እንደዛ ነው። ከቀለሙ በቀር ባህሪያቸው አንድ ነው፣ 16 ገጽ ማለት አንድን ነገር 16 ጊዜ ማስተካከል ነው። የጨረሰቻቸውን ሦስቱን ግን አታጥፋባት፣ ወደ ዋናው ገጽ ሪዳይሬክት ይሁኑ፣ የጻፈችውም ወደዛ ይግባ። እና ቀለማቱ ከምን ከምን ዳይ (ማቅለሚያ) እንደሚገኙ ሰንጠረዡን እሷ ትሥራው፣ ሦስቱን ከሠራች በኋላ ከሁላችሁም የተሻለ የምታውቀው እሷ ናት።